አርባ ወንበር

ሐሙስ ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ፣
ጠረጴዛ ገፍቼ ከመደርደሪያው ጫፍ፣
አርባ ወንበር እደረድራለሁ።
ማን እንደሚመጣ አላውቅም፤
ብርዱ እንደሚመጣ ግን አውቃለሁ።
የደብረ ብርሃን ብርድ መታወቂያ አያሳይም፣
በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፣ መዝገብ ላይ አይፈርምም፣
ከፊተኛው ረድፍ ይቀመጣል፣
ከተናጋሪው ቀድሞ ያስላል።

ባነሩ ሲሰቀል ትንሽ ጠብ ነበር፤
«ብዝኃነት» በየትኛው «ሀ» ይጻፍ፣ የሚል ክርክር።
አንዱ መምህር ሐመሩን፣ አንዱ ብዙኃኑን ይዞ
ተፋጠጡ። እኔ ከሥራቸው፣
መሰላል የያዘው እጄ ደንዝዞ፣
«ለአንድ ድምፅ ሦስት ፊደል ያኖረ ሰው፣
በአንድ አዳራሽ ስንቱ ይጠበዋል?» ልላቸው
አሰብኩና ተውኩት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤
አፌ የለመደው «ዝም በሉ» ነው፣
«ተናገሩ» ማለት ጨነቀኝ።

ዶክተር እንግዳወርቅ ኮምፒውተሩን ሰክቶ፣
ሃምሳ ስላይድ አምጥቶ፣
በቀይ በሰማያዊ የተቆራረሰ ክብ አሳየን።
ራሳችንን ፍለጋ አንገታችንን አሰገግን።

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ የወጣው
ጋሽ አሰግድ ተነሣ፣ ከዘራውን ተደግፎ፤
«እኛ ዘንድ ፈረቃ እንጂ ዘር አልነበረም፤
ማሽኑ ሱፍ ሲበላ ስም አይጠይቅም።»
«ማሽኑማ አይጠይቅም» አለ ጉተማ ከኋላ፣
«ካቦው ግን ስሜን ጠላ።
ሃያ ሁለት ዓመት በደመወዝ መዝገቡ ላይ
ጌታቸው ነበርኩ።
ጉተማን የሚያውቁት ሚስቴና ሰማይ።»
ጋሽ አሰግድ አልተቀመጠም፣ አልመለሰም።
አንድ ማሽን ላይ ነበር የሠሩት ሁለቱም።

ከበሩ አጠገብ፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ የመጣች እናት
ልጇን በነጠላ አፍና፣ ሙቀት ፍለጋ ተቀምጣለች።
«ልዩነት» የሚለው ቃል በተጠራ ቁጥር
በሩን ታያለች።

መብራት ጠፋ።
ክቡም ጠፋ፣ ቀይም ሰማያዊውም።
ማንም ግን አልወጣም።

«ሙሄ እባላለሁ» አለ አንድ ያረጀ ድምፅ፣
«ሸማኔ ነኝ፣ ከአልዩ አምባ።
አርጎባ ነኝ፤ የማልመው ግን በአማርኛ።
ከእናቴ ቋንቋ የተረፈኝ ቁርጥራጭ ነው፣
ያውም በየዓመቱ የሚያንስ።
አንድ ቃል ጠፍቶኝ ሰባት ዓመት ፈለግኩት፤
ማታ እሳቱ ሲዳፈን ከሥር የሚቀረውን፣
ከረመጥ ያነሰውን፣ ከአመድ የበለጠውን፣
እሷ የምትጠራበትን።
መጽሐፍ የሞላችሁ ናችሁና፣ እዚህ ይኖር ይሆን?»

ዶክተሩ ዝም አለ። እኔ ካታሎጉን በልቤ ገለጥኩ፤
ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ከመደርደሪያዎቹ መሐል
አንዲት ቀጭን ድምፅ ቃሉን አለችው።
«እ?» አለ ሽማግሌው።
ደገመችለት።
ሳቀ፣ ወይ አለቀሰ፤
ጨለማ ነው፣ አላየሁትም።

መብራት ሲመጣ ሰዓዳ ነበረች፣
የሾንኬዋ ልጅ፣ የሒሳብ ተማሪዋ፣
መጽሐፍ አዘገየሽ ብዬ አሥራ አራት ብር የቀጣኋት፣
መታወቂያዋን ስንት ጊዜ አገላብጬ
አንድ ቀን «ከየት ነሽ?» ያላልኳት።

ቃሉን እዚህ አልጽፈውም።
ሰምቼዋለሁ፤ አፌ ውስጥ ግን ይሰበራል።
ጋሽ ሙሄ እንደ ሕፃን እየደጋገመው
ደረጃውን ሲወርድ ይሰማኛል።
አሰግድና ጉተማ በየበራቸው ወጡ፤
ዶክተሩ አርባ አንድ ስላይድ ተርፎት ሽቦውን ጠቀለለ።

ወንበሮቹን ሳነሣ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ላይ
እጄን አሳረፍኩ። እናትየዋ ሄዳለች፤
እንጨቱ ገና አልበረደም።
ይህን የሚጠራ ቃል
እኔ የለኝም።